በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ የዱር እንጉዳይን ለይቶ ለማወቅና በጥንቃቄ ለመልቀም

የክረምቱ ዝናብ ሲጸና በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ በየጎፍ ደን ዳርቻ፣ በገራዶ ሜዳና ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወርደው ሞቃት ምድር ላይ እንጉዳይ ይፈላል። አብዛኛው የከተማ ነዋሪ ሁሉንም በጅምላ «የጅብ ጥላ» ብሎ በእግሩ ገፍቶት ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ በልጅነቱ ሲለቀም ያየውን በማስታወስ ነጭ የሆነውንና ጥሩ የሚሸተውን ሁሉ በፌስታል ሞልቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንጉዳይን ለምግብነት ለሚፈልግ፣ ነገር ግን የሚበላውን በስሙና በምልክቱ ሳያውቅ ድስት ላለመጣድ ለቆረጠ ሰው ነው። ጽሑፉን ብቻ አንብቦ መልቀም አይገባም፤ ጽሑፍ ምን እንደሚታይ ይነግራል እንጂ ዓይን አይሆንም። ከሚያውቅ ሰው ጋር ወጥቶ፣ ያንኑ ዓይነት እንጉዳይ በሕፃንነቱም በእርጅናውም ደጋግሞ ማየት የግድ ነው።

አሮጌው ዕውቀትና አዲሱ ዛፍ

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ትልቅ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ሌላ አየር፣ ሌላ አፈርና ሌላ ዛፍ ስለሚያገኝ እንጉዳዩም ሌላ ይሆናል። ስለዚህ «እኛ አገር ይህ ይበላል» የሚል ሰው ሲገኝ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አገሩ የትኛው እንደሆነ ነው። በሐርቡ ኩይሳ ሥር የተገኘ ዕውቀት ለጦሳ ጥግ አያገለግልም።

ከከፍታው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የዛፉ ነገር ነው። ጽድና ወይራ ሥራቸው ውስጥ ከሚኖር ፈንገስ ጋር ተረዳድተው የሚያድጉ ዛፎች ናቸው፤ ይህ ፈንገስ ከምድር በላይ እንጉዳይ የሚያወጣ ዓይነት አይደለም። በአገር በቀል ደን ውስጥ የምናየው እንጉዳይ በአብዛኛው የወደቀ ቅጠልና የበሰበሰ እንጨት የሚበላ ነው። ባሕር ዛፍና ፓይን ግን ከሌላ ወገን ከሆኑ ፈንገሶች ጋር የሚኖሩ ሲሆኑ፣ እነዚህ ፈንገሶች በየዓመቱ በዛፉ ዙሪያ እንጉዳይ ያወጣሉ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ፓይን ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው የተስፋፋው። እንዲህ ያሉ ዛፎች ከአገር ወደ አገር ሲጓዙ በሥራቸውና በአፈራቸው የያዙት ፈንገስ አብሯቸው ይጓዛል። በዓለም ላይ ብዙ ሰው በመግደል የሚታወቀው አማኒታ ፋሎይደስ የተባለው እንጉዳይ ከአውሮፓ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ አውስትራልያና ወደ ሰሜን አሜሪካ የገባው በዚሁ መንገድ ነው።

ከዚህ የሚወጣው የሥራ ደንብ ቀላል ነው። የአያቶቻችን ዕውቀት በግጦሽ መሬት፣ በኩይሳና በአገር በቀል ደን ላይ የተፈተነ በመሆኑ ክብር ይገባዋል፤ በተተከለ የባሕር ዛፍና የፓይን ደን ውስጥ ለበቀለ እንጉዳይ ግን ምስክር ሊሆን አይችልም፤ እነርሱ ያንን እንጉዳይ አላዩትምና። ጀማሪ ለቃሚ ከፓይንና ከባሕር ዛፍ ሥር ምንም ባይለቅም ይሻለዋል። በእኔ ግምት ይህን አንድ ደንብ ብቻ የጠበቀ ሰው ከአደጋው ትልቁን ክፍል ያስወግዳል።

የአካባቢውን ገበሬ ወይም እረኛ ሲጠይቁም አጠያየቁን ያስተካክሉ። «አባባ፣ ይህ ይበላል?» ተብሎ የተጠየቀ ሽማግሌ እንግዳን ላለማሳዘን ብሎ «አዎ፣ ይበላል» ሊል ይችላል። «እናንተ ቤት ይህን በልታችሁ ታውቃላችሁ? ከየት ተለቅሞ? እንዴት ተሠርቶ? የሚመስለውና የማይበላው የትኛው ነው?» ብሎ ማስከተል ያስፈልጋል። የመጨረሻውን ጥያቄ መመለስ የሚችል ሰው ሲያገኙ መምህርዎን አግኝተዋል።

የማያገለግሉ ፈተናዎች

እንጉዳይን ሳያውቁ መርዙን የሚያጋልጥ አንድ ብልሃት አለ የሚለው እምነት በመላው ዓለም ሰው ገድሏል። ብር ማንኪያ ወይም ነጭ ሽንኩርት አብሮ ሲቀቀል ይጠቁራል የሚለው ሐሰት ነው። ትል የገባበት ወይም ከብት የበላው ለሰው ይሆናል የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ቀንድ አውጣና ትል እኛን የሚገድለውን እንጉዳይ በልተው በደኅና ይኖራሉ። ቀለሙ የደመቀ መርዛማ፣ ነጩ ደኅና ነው የሚለው ደግሞ በተለይ አደገኛ ነው፤ ከገዳዮቹ መካከል ፍጹም ነጭ የሆኑ አሉና። ጣዕሙም አያስጠነቅቅም። ከከባድ መመረዝ የተረፉ ሰዎች የበሉት ጣፋጭ እንደነበረ ተናግረዋል።

ከሁሉም የሚብሰው «ተቀቅሎ ውኃው ከተደፋ ምንም አይልም» የሚለው ነው። ጉበትን የሚያጠፋው አማቶክሲን የተባለው መርዝ በመቀቀል፣ በመጥበስ፣ በማድረቅ፣ በጨው ወይም በኮምጣጤ አይጠፋም። ደሴ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደሆነ ስናስብ ድስቱ መርዝ ይገድላል ብሎ መተማመን ይብሱን መሠረት ያጣል።

ምን ይታያል?

እንጉዳይ ከመሬት ሲነሣ በቢላ ተቆርጦ ሳይሆን ከነሥሩ ተቆፍሮ ነው መውጣት ያለበት፤ በተለይ ማንነቱ ገና ሲጣራ። ብዙ ገዳይ ዓይነቶች ዋና ምልክታቸው አፈር ውስጥ የተቀበረው የእግራቸው ጫፍ ነው። እዚያ ላይ እግሩን የሚያቅፍ ነጭ ከረጢት ካለ እንጉዳዩ የአማኒታ ወገን ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ያኔ ያበቃል፤ ይጣላል። ከላይ ቆርጦ የሚወስድ ሰው ይህን ምልክት መሬት ውስጥ ጥሎት ይሄዳል።

ቀጥሎ ቆቡ ይታያል፤ ስፋቱ፣ መሐሉ ሾጣጣ መሆን አለመሆኑ፣ ላዩ ላይ ቅርፊት ወይም ኪንታሮት የሚመስል ነጠብጣብ መኖሩ። ከዚያ ተገልብጦ ውስጡ ይታያል። አንዳንዱ እንደ ሐበሻ ቀሚስ ሽንሽን ያለው ነው፤ አንዳንዱ በሽንሽን ፋንታ ስፖንጅ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ሽንሽኑ እግሩን መንካቱ፣ አለመንካቱ ወይም በእግሩ ላይ ወደታች መውረዱ፣ ቀለሙ በወጣትነቱና በእርጅናው ምን እንደሆነ ይመዘገባል። እግሩ ላይ ቀለበት መኖሩም እንዲሁ። ሥጋው ለሁለት ተከፍሎ ለጥቂት ደቂቃዎች ይጠበቃል፤ ወደ ቢጫ፣ ወደ ቀይ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚለወጥ አለ። በመጨረሻ ይሸተታል። አይቀመስም።

የበቀለበት ቦታም የምልክቱ አካል ስለሆነ መጻፍ አለበት፤ በአፈር ላይ ነው፣ በእበት ላይ ነው፣ በሞተ እንጨት ላይ ነው፣ ከኩይሳ አጠገብ ነው፣ የቅርቡ ዛፍ ምንድን ነው? ስልክ ያለው ሰው ከላይ፣ ከሥርና ከጎን ፎቶ ያንሣ። ፎቶው ለማስታወሻና ለሚያውቅ ሰው ለማሳየት ይጠቅማል። በፎቶ ብቻ ስም የሚሰጡ የስልክ መተግበሪያዎችን አምኖ መብላት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አፈር ውስጥ ያለውን ከረጢት፣ ሽታውንና የስፖሩን ማለትም የመራቢያ ብናኙን ቀለም አያዩምና።

የስፖር አሻራ

ስፖር እንጉዳይ የሚራባበት ብናኝ ነው። በዓይን አንድ በአንድ ባይታይም ተከማችቶ ሲወድቅ ቀለሙ ይታያል፤ ይህ ቀለም ደግሞ ከቆቡ ቀለም ይልቅ የማይዋሽ ምስክር ነው። አሠራሩ ምንም ወጪ የለውም። የበሰለ እንጉዳይ እግሩ ተቆርጦ ቆቡ ሽንሽኑ ወደታች ሆኖ በወረቀት ላይ ይቀመጣል። ወረቀቱ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ቢሆን ይመረጣል፤ ነጭ ስፖር በነጭ ወረቀት ላይ አይታይምና። ነፋስ እንዳይነካው ብርጭቆ ወይም ጎድጓዳ ሳሕን ይደፋበትና ሌሊቱን ያድራል። ጠዋት ቆቡ ሲነሣ የሽንሽኑ ቅርጽ በብናኝ ተሥሎ ይገኛል።

በግጦሽ ሜዳ የሚበቅለው የሚበላው እንጉዳይ ጥቁር ቡናማ አሻራ ይተዋል። የምስጥ እንጉዳይ ወደ ሮዝ የሚያደላ ክሬም ይሰጣል። የአማኒታ አሻራ ነጭ ነው። አሻራው አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ክሎሮፊለም ሞሊብዳይተስ የተባለውን፣ በሞቃት አገሮች ሣር ላይ የሚበቅለውንና ብዙ ሰው የሚያሳምመውን እንጉዳይ ይዘዋል። ይህ እንጉዳይ ትልቅ፣ ነጭና አጓጊ ሲሆን በወጣትነቱ ሽንሽኑ ነጭ ስለሆነ ዓይን ብቻውን ይታለላል። ስለዚህ ማንኛውም ትልቅና ነጭ የሜዳ እንጉዳይ አሻራው ሳይታይ አይበላም። አንድ ሌሊት መታገሥ ያቃተው ሰው እንጉዳይ ባይለቅም ይሻላል።

ለመጀመሪያ የሚሆኑ

በአንድ ክረምት አንድ ዓይነት ብቻ መማር ተገቢ ነው። ለኮምቦልቻና ከእርሷ ዝቅ ላለው አካባቢ ሰው መጀመሪያ የምመርጠው የምስጥ እንጉዳይን ነው፤ ጣዕሙ ከሁሉ የላቀ ነው፣ የሚለይበትም ምልክት ከምድር በታች ድረስ የሚዘልቅ ነው። አንዳንድ የምስጥ ወገኖች ያኘኩትን እንጨትና ሣር በኩይሳቸው ውስጥ እየከመሩ ፈንገስ ያለሙበታል፤ ፈንገሱ እንጨቱን ያበስልላቸዋል፣ እነርሱም ይመገቡታል። ዝናብ ሲመጣ ይኸው ፈንገስ አፈሩን ሰንጥቆ እንጉዳይ ያወጣል። ምስጡና ፈንገሱ ያለ ሌላው መኖር ስለማይችሉ የምስጥ እንጉዳይን እንደሌላው በመደብ አልምቶ ለገበያ ማቅረብ እስካሁን አልተቻለም፤ መልቀም ብቻ ነው መንገዱ።

ትልልቆቹ የምስጥ እንጉዳዮች ቆባቸው መሐል ላይ ጠንከር ያለ ሾጣጣ ጉብታ አለው፤ አፈሩን የሚበሳው እርሱ ነው። ሽንሽኑ ነጭ ሆኖ ሲያረጅ ወደ ሮዝ ያደላል፣ እግሩንም አይነካም። ወሳኙ ምልክት ግን እግሩ ከመሬት ገጽ በታች እየቀጠነ እንደ ሥር ረጅም ሆኖ ወደ ምስጡ ጎጆ መውረዱ ነው። ይህን ለማየት በአንካሴ ወይም በትንሽ ዶማ ቀስ ብሎ በጎን መቆፈር ያስፈልጋል። ሥሩ ሳይበጠስ ተከትለውት ምስጡ ዘንድ ከደረሰ ጥርጣሬው በእጅጉ ይቀንሳል። ከኩይሳ አጠገብ መብቀሉ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ ሌላ እንጉዳይም እዚያው ሊበቅል ይችላል። ሮዝ ስፖር ያላቸው መርዛማ እንጉዳዮችም ስላሉ አሻራውም ብቻውን አይበቃም። ሾጣጣው ቆብ፣ እግሩን የማይነካው ሽንሽን፣ ረጅሙ ሥርና የአሻራው ቀለም አራቱም ባንድነት መገኘት አለባቸው። በመቶዎች ሆነው ባንድ ቦታ የሚፈሉ ጥቃቅን የምስጥ እንጉዳዮችም አሉ፤ እነርሱ ረጅም ሥር ስለሌላቸውና ትንሽ ነጭ እንጉዳይ ብዙ አሳሳች መሳይ ስላለው ለጀማሪ አይሆኑም።

ለደሴና በዙሪያዋ ላለው ደጋ የሚቀርበው የግጦሽ ሜዳው እንጉዳይ ነው፤ በሱቅ በቆርቆሮ የሚሸጠው እንጉዳይ ዘመዱ ነው። በዛፍ ሥር ሳይሆን ከብት በሚውልበት ገላጣ ሣር ላይ ይፈለጋል። ቆቡ ነጭ ነው፤ ሽንሽኑ ገና በወጣትነቱ ሮዝ ሆኖ ኋላ እንደ ቡና ይጠቁራል፣ በየትኛውም ዕድሜው ነጭ ሆኖ አይቀርም። እግሩ ላይ ስስ ቀለበት አለ፣ ከሥሩ ግን ከረጢት የለም። ሽንሽኑ ነጭ የሆነ ከተገኘ ያለ ክርክር ይጣላል። አንድ መሳይ አለው፤ የእግሩ ጫፍ ሲቆረጥ ወይም ሲፋቅ ወዲያው ደማቅ ቢጫ የሚሆንና የጽሕፈት ቀለም ወይም የሆስፒታል ማጽጃ የሚሸት። በሚጠበስበት ጊዜ ሽታው ይበረታል። አይገድልም፣ ግን ክፉኛ ያስመልሳል።

ኳስ የሚመስሉት እንጉዳዮች ቆብም ሽንሽንም የላቸውም። ከመበላታቸው በፊት እያንዳንዳቸው ከላይ እስከ ታች ለሁለት መሰንጠቅ አለባቸው፤ አንድም ሳይቀር። ውስጣቸው ከዳር እስከ ዳር ወጥ የሆነ ነጭ ከሆነ ደኅና ናቸው። ውስጡ የቆብና የእግር ሥዕል የሚታይበት ከሆነ ገና እንቁላል ከሚመስለው ከረጢቱ ያልወጣ አማኒታ ሊሆን ይችላል። ውስጡ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁር የሄደና ቆዳው ወፍራም የሆነው ደግሞ በባሕር ዛፍ ሥር የሚዘወተረው መርዛማ ዓይነት ነው።

በሞተ እንጨት ላይ የሚበቅለው፣ ጆሮ የሚመስለውና ሲነካ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ቡናማ እንጉዳይ በስሎ ይበላል፤ ጣዕም ግን የለውም። በዛፍ ግንድ ላይ እንደ መደርደሪያ ተደራርቦ የሚወጣው ቢጫ እንጉዳይ ለጋ ሳለ ጥሩ ነው፤ በባሕር ዛፍና በፓይን ላይ ከበቀለ ግን ሆድ ስለሚያውክ ይተዋል።

የማይነኩ

ቀይ ቆብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው፣ ከፓይን ሥር የሚወጣው እንጉዳይ ለማንም ግልጽ ስለሆነ ብዙ አያሳስብም፤ አእምሮን ያናውጣል፣ ያስተኛል። ይበልጥ ሊፈሩ የሚገባቸው ማንም ልብ የማይላቸው ትንንሾቹ ናቸው። ቆባቸው ትንሽ ሆኖ በቡናማ ቅርፊት የተሸፈነና እግራቸው ላይ ቀለበት ያለባቸው፣ በግቢ፣ በአትክልት ቦታና በመቃብር ሥፍራ የሚበቅሉ ጃንጥላ መሳይ እንጉዳዮች ከመካከላቸው አማቶክሲን የያዙ አሉ። በበሰበሰ እንጨት ላይ የሚወጡ ትንንሽ ቡናማዎችም እንዲሁ። ስለዚህ ትንሽና ቡናማ የሆነ ሁሉ፣ ቅርፊት ለብሶ ቆቡ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሁሉ፣ ከሥሩ ከረጢት ያለው ሁሉ፣ ቀለበትና ነጭ ሽንሽን አንድ ላይ ያለው ሁሉ ለጀማሪ ክልክል ነው። በዚህ ደንብ የሚበላም ይቀራል፤ ይቅር።

አለቃቀም

በአካባቢያችን እንጉዳይ የሚወጣው በበልግና በክረምት ዝናብ ነው። የምስጥ እንጉዳይ ዝናብ ሲጀምርና ከበድ ያለ ዝናብ ተከትሎ ፀሐይ ስትወጣ ይፈልቃል፤ የሜዳው ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይገኛል። ማለዳ መውጣት ይበጃል፤ ምክንያቱም ቀን ሲሞቅ ትልና ዝንብ ይቀድማሉ።

መያዣው ቅርጫት ይሁን። በፌስታል የተያዘ እንጉዳይ ያልበዋል፣ በሰዓታት ውስጥም መበስበስ ይጀምራል፤ የሚበላ እንጉዳይ በልተው ከታመሙ ሰዎች ብዙዎቹ የተበላሸ የበሉ ናቸው። የታወቀውና ያልታወቀው በአንድ ቅርጫት አይቀላቀል፤ ያልታወቀው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ለብቻው ይያዝ። የመርዛማ እንጉዳይ ስባሪ ከደኅናው ጋር ተደባልቆ ከተከተፈ ማንም አይለየውም። የደረቀ፣ ውኃ የቋጠረ፣ የሻገተ አይወሰድም። ከእያንዳንዱ ቦታ የተወሰነው ይተው፤ ያረጀው ስፖሩን ይበትን። የምስጥ እንጉዳይ የሚለቅም ሰው ሥሩን ካየ በኋላ የቆፈረውን አፈር ይመልስ፤ ኩይሳውን ያፈረሰ ሰው የከርሞውን አጥፍቷል።

ቦታ መምረጥ የእንጉዳይ ዓይነት ከመለየት አያንስም። እንጉዳይ እርሳስና ካድሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶችን ከአፈር እየሳበ ያከማቻል፤ ይህ ደግሞ በማሽተትም በመቅመስም አይታወቅም። የጭነት መኪና ከማይጠፋበት ከዋናው አስፋልት ዳር፣ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች አጠገብ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚቀላቀልባቸው ወንዞች ዳርቻ፣ ከቆሻሻ መጣያና ፀረ አረም ከተረጨበት ማሳ አይለቀም። በየጎፍ ደንና በሌላ የመንግሥት ደን ከመግባት በፊት ጠባቂዎቹን ማስፈቀድ፣ በሰው ማሳ ላይም ባለቤቱን መጠየቅ ይገባል። በ2014 ዓ.ም. ውጊያ በተካሄደባቸው ኮረብታዎች ላይ ምሽግ የነበረበትን ቦታ መቆፈርና ያልታወቀ ብረት መንካት ፈጽሞ አይገባም፤ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ቦታውን ለፖሊስ ያመልክት።

ወጥ ቤት

ቤት ሲደርሱ እያንዳንዱ እንጉዳይ እንደገና አንድ በአንድ ይታይ፤ በሜዳ ላይ ያመለጠ ነገር በጠረጴዛ ላይ ይያዛል። አፈሩ በቢላና በጨርቅ ይጸዳል፤ ውኃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ይመጥና ጣዕሙ ይጠፋል። ከዚያ ሳይበስል አይበላ። የሚበሉትም ቢሆኑ በጥሬው ሆድ የሚያውኩ ብዙ ናቸው። በደሴ ከፍታ ድስቱ ቢፈላም ሙቀቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቢያንስ 20 ደቂቃ በደንብ ማብሰል ይሻላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበላ ዓይነት በቀይ ሽንኩርት፣ በዘይትና በጨው ብቻ ይጠበስ፤ በበርበሬና በቅመም ከተሸፈነ ያልተለመደ ሽታ ቢኖረው አይታወቅም። አንድ ሰው ብቻ፣ ሁለት ማንኪያ ያህል ብቻ ይቅመስ፤ ሌላው የቤተሰብ አባል እስከ ማግስቱ ይጠብቅ። ይህ ጥንቃቄ ለግለሰቡ ሆድ የማይስማማ እንጉዳይን ለማወቅ ነው፤ ማንነቱ ያልተረጋገጠን እንጉዳይ መሞከሪያ አይደለም። ያልበሰለ አንድ ሙሉ እንጉዳይ በወረቀት ተጠቅልሎ በፍሪጅ ወይም በቀዝቃዛ ቦታ ለሁለት ቀን ይቀመጥ። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በዕድሜ የገፉና የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች የዱር እንጉዳይ ባይበሉ ይመረጣል። ከጠላና ከአረቄ ጋርም አይበላ፤ ያለ አልኮል ደኅና ሆኖ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ልብን የሚያስመታና የሚያስመልስ ዓይነት አለ።

የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ጀምሮ ልክ እንጉዳይ በሚበዛበት ወቅት ላይ ስለሚውል ብዙ ሰው በሥጋ ፋንታ የሚያስበው በዚህ ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ለዋለ ሰው ከበድ ያለ የእንጉዳይ ሳሕን ባዶ ሆድ ላይ ማቅረብ ጥሩ አይደለም፤ ትንሽ እንጀራና ሽሮ ይቅደም። የዱር እንጉዳይ ለእንግዳ ሲቀርብም ምን እንደሆነ ሳይነገር አይቀርብ። የእንግዳ ወግ አድራጊ የሆነው የወሎ ሰው «ብሉልኝ» እያለ እንግዳውን ማስጨነቅ ይወዳል፤ በዚህ ምግብ ላይ ግን እንግዳው እምቢ የማለት ሙሉ መብት አለው።

የተረፈውን ቀጭን ቀጭን አድርጎ ቆርጦ፣ በክር ሰክቶ፣ ጭስ በማይደርስበት ነፋሻ ቦታ ላይ ማድረቅ ይቻላል። ሲሰበር «ቀጭ» የሚል ድምፅ እስኪሰጥ ካልደረቀ ይሻግታል።

ሕመም ሲከሰት

ከበሉ በኋላ ምልክቱ የታየበት ሰዓት ለሐኪም ትልቅ መረጃ ነው። በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ የሚጀምር ማስመለስና ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ የሆድ መርዝ ነው፤ ቢያሠቃይም ሕክምና ሲያገኝ ይድናል። ምልክቱ ከተበላ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ከጀመረ ግን አማቶክሲን ሊሆን ስለሚችል አንድ ደቂቃም መዘግየት አይገባም። ይህ መርዝ ጨካኝ የሚሆነው በአካሄዱ ነው። በመጀመሪያ ከባድ ተቅማጥና ማስመለስ ያመጣል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በሽተኛው የተሻለው ይመስላል፣ ቤተሰቡም ተመስገን ብሎ ወደ ቤት ሊወስደው ያስባል። በዚያው ጊዜ ጉበቱ እየጠፋ ነው። ስለዚህ «ተሽሎኛል» ማለቱ ከሐኪም ቤት ለመውጣት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ለመርዝ ወተት ማጠጣት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ለእንጉዳይ መርዝ ግን ማርከሻ አይሆንም፤ ፌጦም፣ አረቄም፣ ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከቶ ማስመለስም እንዲሁ፤ ጊዜ ያባክናሉ፣ የደከመ ሰው ላይም ትንታ ያስከትላሉ። በሽተኛው ራሱን ካልሳተ ውኃ በትንሽ በትንሹ እየተሰጠው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ከኮምቦልቻም ከደሴም የሚቀርበው ትልቅ ሕክምና ቀድሞ የደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ይባል የነበረው የደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። በፍሪጅ የተቀመጠው ጥሬ እንጉዳይ፣ ከድስት የተረፈው፣ ሲላጥ የተጣለው ልጣጭ፣ በስልክ የተነሣው ፎቶ፣ ካስመለሰም ያስመለሰው ነገር በላስቲክ ዕቃ ተይዞ አብሮ ይሂድ። ስንት ሰዓት እንደተበላ፣ ስንት ሰዓት እንደጀመረው፣ ከየት ቦታና ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደተለቀመ በወረቀት ተጽፎ ለሐኪሙ ይሰጥ። ከዚያው ድስት የበሉ ሰዎች ሁሉ፣ ምንም ያልተሰማቸው ጭምር፣ በዚያው መኪና አብረው ሄደው መመርመር አለባቸው።